የአክሲዮን ትሬንድ ሊገለበጥ ሲል የሚያሳያቸው ቀዳሚ ምልክቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች አክሲዮን ገዝተው በሰዓታት፣ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሚሸጡ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ለዓመታት ይዞ ለማቆየት የሚገዛ ሰው አብዛኛው አያስፈልገውም።

ትሬንድ (የዋጋው አጠቃላይ አቅጣጫ) ተገለበጠ የሚባለው መቼ ነው? ከተራ ፑልባክ በምን ይለያል?

እየጨመረ ያለ አክሲዮን ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይወጣል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። በዚህ ጉዞው ጫፎችንና ዝቅታዎችን እየተወ ይሄዳል። አዲሱ ጫፍ ከበፊቱ ጫፍ፣ አዲሱ ዝቅታም ከበፊቱ ዝቅታ እስከበለጠ ድረስ ትሬንዱ ወደ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከሞተው ከአሜሪካዊው የገበያ ጋዜጠኛ ከቻርልስ ዳው ጽሑፎች የወጣው ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ የተሻለ ምትክ አልተገኘለትም።

ዋጋው ወርዶ የመጨረሻውን ዝቅታ ሳይሰብር ተመልሶ ከወጣ ፑልባክ ነው። ያ ዝቅታ ከተሰበረና ከዚያ በኋላ የመጣው ጫፍም ከቀደመው ካነሰ ትሬንዱ ተገልብጧል። ስለዚህ አክሲዮን በያዙ ጊዜ ሁሉ አንድ ቁጥር በቃል ማወቅ አለብዎት፤ የመጨረሻው ዝቅታ ዋጋ ስንት ነው? የሚቆጠረውም ማንኛውም ትንሽ ዝቅታ አይደለም። ዋጋው ከእሱ ተነስቶ አዲስ ጫፍ የሠራበት ዝቅታ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በመንገድ ላይ ያገኘው ጥቃቅን ዝቅታ በተሰበረ ቁጥር “ተገለበጠ” ብሎ ይሸጥና አክሲዮኑ ጥሎት ይሄዳል።

ምልክቶቹ በምን ቅደም ተከተል ይመጣሉ?

ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እርምጃው ያጥራል፦ አንዱ ዙር 9 ነጥብ የወጣ አክሲዮን በሚቀጥለው 6፣ ከዚያ 2 ብቻ ይወጣል። ቀጥሎ ፑልባኩ ይጠልቃል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ በሦስት ቀን ያልቅ የነበረው ስምንት ቀን ይፈጅበታል። ሦስተኛ፣ አዲስ ጫፍ ለመሥራት ሞክሮ ያቅተዋል ወይም ሠርቶ ወዲያው ይመለሳል። አራተኛ፣ የመጨረሻው ዝቅታ ይሰበራል። አምስተኛ፣ ዋጋው ወደ ተሰበረው ቦታ ከታች ተመልሶ ይፈትነዋል፣ ያልፈዋል ወይም ተገፍቶ ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማስጠንቀቂያ ናቸው። አራተኛው ማረጋገጫ ነው። አምስተኛው አደጋን ቀንሶ ለመግባት የሚያመቸው ቦታ ነው። ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በስህተት ይከፍላል፣ ማረጋገጫ የሚጠብቅ ደግሞ በዋጋ ይከፍላል። ሁለቱንም ማምለጥ አይቻልም፤ የሚቻለው ለየደረጃው የተለያየ እርምጃ መመደብ ነው። ዝርዝሩ ከታች ይመጣል።

ቀድመው ከሚታዩት ውስጥ ይበልጥ የሚታመነው የቱ ነው?

አንዱን ምረጡ ከተባልን የከሸፈ ብሬክአውትን እንመርጣለን። አክሲዮኑ የቀደመውን ጫፍ አልፎ ይወጣል፣ በአንድ እስከ ሦስት ካንድል (በቻርት ላይ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሰዓት ዋጋ የሚያሳይ ምልክት) ውስጥ ግን ተመልሶ ከዚያ ጫፍ በታች ይዘጋል። ምክንያቱን ማየት ቀላል ነው። ጫፉ ሲያልፍ ሁለት ዓይነት ገዢ ይገባል፦ ብሬክአውት ጠብቆ የሚገዛው፣ እና ሾርት አድርጎ (ዋጋው ይወርዳል ብሎ የተበደረውን አክሲዮን ሸጦ) ስቶፑ (ኪሳራን ለመገደብ ያስቀመጠው የመውጫ ትዕዛዝ) የተነካበት። ይህ ሁሉ ግዢ ተደምሮ ዋጋውን ማቆየት ካልቻለ፣ ከላይ ሆኖ በብዛት የሚሸጥ አለ ማለት ነው። አሁን ጫፍ ላይ የገዙት ሁሉ ኪሳራ ውስጥ ናቸው፤ ዋጋው ትንሽ በወረደ ቁጥር እነሱም ሻጭ ይሆናሉ።

ሦስት ነገር ያረጋግጡ። መመለሱ በካንድል መዝጊያ የታየ ይሁን፣ በጅራት (ዋጋው ነክቶት የተመለሰውን በሚያሳየው ቀጭን መስመር) ብቻ አይበቃም። የተሰበረው ጫፍ በግልጽ የሚታይ፣ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው ይሁን፤ ትናንት የተሠራ ጫፍን ብዙ ሰው አያየውም፣ ስለዚህ እዚያ የተያዘ ገዢም ጥቂት ነው። ደግሞም ሲመለስ ቮሊዩሙ (የተገበያየው አክሲዮን ብዛት) ሲወጣ ከነበረው ይብለጥ ወይም ይስተካከል። ዋጋው እንደገና ያን ጫፍ አልፎ ከዘጋ ምልክቱ ፈርሷል፤ መከራከር አያስፈልግም።

ቮሊዩምን እንዴት ላንብበው?

ብቻውን አይነበብም፣ ከተገኘው ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ከ20 ቀን አማካዩ ሁለት እጥፍ የሆነ ቮሊዩም ወጥቶ ዋጋው 0.3 በመቶ ብቻ ከጨመረ፣ ያ ሁሉ ግዢ የሚገዛውን ያህል ሻጭ አግኝቷል ማለት ነው። ትልቅ ጥረት፣ ትንሽ ውጤት። ተቃራኒውም አለ፦ አዲስ ጫፍ በቀነሰ ቮሊዩም ሲሠራ ገዢ እየሳሳ ነው። ይህኛው ግን ደካማ ምልክት ነው፤ ጠንካራ ትሬንድ በትንሽ ቮሊዩም ለሳምንታት ሊንሸራሸር ይችላል።

ለኢንዴክሶች (የብዙ አክሲዮኖችን ዋጋ በአንድ ቁጥር ለሚያሳዩ መለኪያዎች) የተለመደ አቆጣጠር አለ። ኢንዴክሱ 0.2 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ወርዶ ቮሊዩሙ ከቀደመው ቀን ከበለጠ፣ ያ ቀን ትላልቅ ባለገንዘቦች የሸጡበት ቀን ተብሎ ይመዘገባል። በ25 የግብይት ቀናት ውስጥ እንዲህ ያሉት 5 ወይም 6 ሲደርሱ አዲስ ግዢን መቀነስ ተገቢ ነው።

ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቁ። በአሜሪካ ገበያ የማርች፣ የጁን፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር ሦስተኛ ዓርብ የኦፕሽንና የፊውቸርስ (በወደፊት ዋጋ ላይ የሚደረግ) ውል የሚያልቅበት በመሆኑ ቮሊዩም በራሱ ያብጣል፤ እነዚያን ቀኖች ከቆጠራ ያውጧቸው። ሁለተኛው በቀን ውስጥ ለሚነግዱ ነው። ቮሊዩም ገበያው ሲከፈትና ሲዘጋ ከፍ፣ እኩለ ቀን ላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የመክፈቻውን 15 ደቂቃ ከእኩለ ቀኑ ጋር አነጻጽሮ “ገዢ ጠፋ” ማለት ስህተት ነው። ከቀደሙት ቀናት ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ያነጻጽሩ።

አርኤስአይ ከ70 በላይ ከሆነ ልሽጥ?

አይሽጡ። ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ይህ መለኪያ የቅርብ ጊዜ ጭማሪዎችን ከቅናሾች ጋር ያመዛዝናል፤ የተለመደው ስሌት 14 ካንድል ነው። ከ70 በላይ መሆኑ የሚነግርዎት ጭማሪው ጠንካራ እንደነበር ነው፣ ጠንካራ አክሲዮን ደግሞ እዚያው ለሳምንታት ይቆያል። ይበልጥ ጠቃሚው ሲመለስ የት እንደሚቆም ማየት ነው። በጥሩ የጭማሪ ትሬንድ ውስጥ አርኤስአይ በፑልባክ ጊዜ ወደ 40 እና 50 መካከል ወርዶ ይነሳል። ለወራት እንዲህ ሲያደርግ የቆየ አክሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 በታች ከወረደና ቀጥሎ ሲወጣ 60ን ማለፍ ካቃተው፣ ባህሪው ተለውጧል።

ዳይቨርጀንስ አይቼ ሾርት አደረግኩ፣ ዋጋው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ስህተቱ የት ነው?

ዳይቨርጀንስ ማለት ዋጋው ከፍ ያለ ጫፍ ሲሠራ አርኤስአይ ወይም ማክዲ (ሌላው የፍጥነት መለኪያ) ዝቅ ያለ ጫፍ ሲሠራ ነው። የሚናገረው ፍጥነት መቀነሱን ነው። ፍሬን የያዘ መኪና ወደፊት መሄዱን አላቆመም፤ ወደ ኋላ መሄድ ከመጀመሩ በፊት ብዙ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው በአንድ ትሬንድ ውስጥ ሦስት አራት ዳይቨርጀንስ ተከታትሎ የሚታየው፣ የሚሠራውም የመጨረሻው ብቻ የሚሆነው።

የአነባበብ ስህተትም አለ። አርኤስአይ የሚሰላው ከመዝጊያ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው ግን የካንድሉን ጅራት ጫፍ ከአርኤስአይ ጋር ያነጻጽራል፣ የሌለ ዳይቨርጀንስም ያያል። ከመዝጊያ ወደ መዝጊያ ያስምሩ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ቢያንስ 5 ካንድል ይኑር፣ በመካከላቸውም በግልጽ የሚታይ ፑልባክ ይኑር። ይህን ሁሉ ካሟላ በኋላም የመጨረሻው ዝቅታ እስኪሰበር ድረስ ዳይቨርጀንሱ ስቶፕ ለማጥበቅ እንጂ አዲስ ቦታ (የግዢ ወይም የሾርት ይዞታ) ለመክፈት አይበቃም።

የካንድል ቅርጾች ምን ያህል ይረዳሉ?

ቦታቸው ትክክል ከሆነ። ሹቲንግ ስታር የሚባለው ከላይ ያለው ጅራቱ ከአካሉ ሁለት እጥፍ የሚበልጥና በዝቅተኛው ክፍል የሚዘጋ ካንድል ነው። ቤሪሽ ኢንገልፊንግ ደግሞ የቀኑ ቀይ አካል የትናንቱን አረንጓዴ አካል ሙሉ በሙሉ ሲውጥ ነው። ሁለቱም ከረጅም ጭማሪ በኋላ፣ የታወቀ ሬዚስታንስ (ዋጋው ሲወጣ ደጋግሞ የተገፋበት ቦታ) ላይ ሲታዩ ትርጉም አላቸው። አቅጣጫ በሌለው ገበያ መሃል ላይ ግን በየሳምንቱ ይገኛሉ፣ ምንም አይናገሩም።

ካንድሉ ሳይዘጋ አይወስኑ። ገበያው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሹቲንግ ስታር የመሰለው ሲዘጋ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የ50 ቀን ሙቪንግ አቬሬጅ (የመዝጊያ ዋጋዎች አማካይ መስመር) የ200 ቀኑን ወደ ታች ሲሰብር መሸጥ ተገቢ ነው?

ለቀዳሚ ምልክትነት በጣም ይዘገያል። ጥሩ ማሳያ አለ። የ500 ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2020 በ3386 ከዘጋ በኋላ በኮቪድ ድንጋጤ ተንዶ ማርች 23 ቀን በ2237 ዘጋ፤ ወደ 34 በመቶ የሚጠጋ ውድቀት ነው። ብዙዎች “የሞት መስቀል” የሚሉት የሁለቱ መስመሮች መቋረጥ የታየው ማርች 30 ላይ ነው፤ ዝቅተኛው ዋጋ ካለፈ ከሳምንት በኋላ። በዚያ ቀን የሸጠ ሰው አብዛኛውን የውድቀቱን ኪሳራ ተሸክሞ ከጭማሪው ወጣ።

ከመቋረጡ ይልቅ የመስመሩን ዘንበል ማለትና የዋጋውን ባህሪ ይመልከቱ። ለወራት የ20 ወይም የ50 ቀን መስመሩን እየነካ ሲነሳ የነበረ አክሲዮን ከመስመሩ በታች ዘግቶ፣ ተመልሶ ሲፈትነው ካልቻለና መስመሩም ጠፍጣፋ መሆን ከጀመረ፣ ያ ከመቋረጡ ሳምንታት ቀድሞ የሚመጣ መረጃ ነው።

ገበያው በሙሉ ሊዞር መሆኑን አክሲዮኑን ሳላይ ማወቅ እችላለሁ?

ስፋቱን ያያሉ፤ ማለትም በጭማሪው ስንት አክሲዮን እየተሳተፈ እንደሆነ። ኢንዴክሱ አዲስ ጫፍ እየሠራ ከ50 ቀን አማካያቸው በላይ ያሉት አክሲዮኖች ድርሻ ከ75 በመቶ ወደ 50 በመቶ ከወረደ፣ ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው ኢንዴክሱን ተሸክመው ያሉት። ይህ ግን የሚያስጠነቅቅ እንጂ ቀን የሚቆርጥ መለኪያ አይደለም። የኒውዮርክ ገበያ የወጪና ወራጅ አክሲዮኖች መስመር (በየቀኑ ከጨመሩት ብዛት የቀነሱት እየተቀነሰ የሚደመርበት) ጫፉን የነካው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1998 ሲሆን፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የናስዳክ ኢንዴክስ ግን ጫፉን የነካው ማርች 10 ቀን 2000 ነው። በመሃል ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ወደ ታች የሚሄድ ትሬንድ ሲዞር ምልክቶቹ ያው ተገልብጠው ናቸው?

በመዋቅር ያው ናቸው፣ በጠባይ ግን ይለያያሉ። ጫፍ ብዙውን ጊዜ በዝግታ ይሠራል፤ ሰው ተስፋውን ቶሎ አይጥልም። ታችኛው ግን በድንጋጤ ይሠራል፦ ግዙፍ ቮሊዩም፣ ረጅም የታች ጅራት፣ ከዚያ ስለታም መመለስ። ከዚህ የመጀመሪያ ዝላይ ጀርባ አይሩጡ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ተመልሶ ያን ዝቅታ ይፈትናል፤ የሚፈለገው ፈተናው በቀነሰ ቮሊዩምና በቀነሰ ፍርሃት መሆኑ ነው።

የፍርሃት መለኪያ ተብሎ የሚጠራው ቪክስ ይህን በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2008 ቪክስ ከ80 በላይ ዘጋ። ማርች 9 ቀን 2009 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከዚያም ወርዶ በ676 ሲዘጋ ቪክስ 50 አካባቢ ብቻ ነበር። ዋጋው አዲስ ዝቅታ ሠራ፣ ፍርሃቱ ግን አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2020ም ቪክስ ከፍተኛ መዝጊያውን 82.69 የነካው ማርች 16 ነው፤ ኢንዴክሱ ግን እስከ 23 ድረስ መውረዱን ቀጥሏል።

የትኛውን የቻርት ጊዜ ልጠቀም?

የሚነግዱበትን፣ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን እና አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን። ለቀናት ለሚይዝ ሰው የቀን ቻርት ዋናው፣ የሳምንቱ አቅጣጫ ሰጪው፣ የአንድ ሰዓቱ መግቢያ ፈላጊው ነው። በአንድ ሰዓት ቻርት ላይ የታየ መገልበጥ በቀን ቻርት ላይ ተራ ፑልባክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። የሳምንቱ ትሬንድ ወደ ላይ ከሆነና በቀኑ መገልበጥ ካዩ፣ ቦታን መቀነስ ይሻላል እንጂ ሾርት ማድረግ በነፋስ ላይ መቅዘፍ ነው።

በአንድ ቀን ውስጥ ገብተው ለሚወጡ ደግሞ ቪዋፕ ጥሩ መስመር ነው። በቮሊዩም የተመዘነ የዕለቱ አማካይ ዋጋ ሲሆን በየቀኑ ከዜሮ ይጀምራል። ጠዋቱን በሙሉ ከቪዋፕ በላይ የቆየ አክሲዮን በቮሊዩም ወደ ታች ሰብሮ፣ ከታች ሲመለስ ቪዋፕ ላይ ከተገፋ ቁጥጥሩ ወደ ሻጮች አልፏል። የመጀመሪያዎቹን 15 እስከ 30 ደቂቃዎች ከዚህ ያውጧቸው።

በቁጥር አንድ ምሳሌ ብታሳዩኝ?

የአንድ አክሲዮን ጫፎች 92፣ 97 እና 98.2፣ ዝቅታዎቹ 84፣ 88.5 እና 93 ናቸው እንበል። እርምጃው አጥሯል፤ ከ88.5 ወደ 97 የወጣው 8.5 ነጥብ ሲሆን፣ ከ93 ወደ 98.2 የወጣው 5.2 ነው። አርኤስአይ 97 ላይ 76 ነበር፣ 98.2 ላይ 64። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተገኘ። እስካሁን የሚደረገው አንድ ሦስተኛውን መሸጥና የቀረውን ስቶፕ ከ93 ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ቀጥሎ ዋጋው በከፍተኛ ቮሊዩም 92.1 ላይ ዘጋ። 93 ተሰብሯል፣ የቀረው ይሸጣል። ከአራት ቀን በኋላ በቀነሰ ቮሊዩም ወደ 95.4 ወጥቶ ቀይ ካንድል ሠርቶ 94 ላይ ዘጋ። ዝቅ ያለ ጫፍ ተገኘ ማለት ነው። ሾርት የሚያደርግ ሰው መግቢያው እዚህ ነው። ኤቲአር (ዋጋው በአንድ ቀን በአማካይ የሚንቀሳቀስበት ርቀት) 1.6 ከሆነ ግማሹን፣ ማለትም 0.8ን፣ በጫፉ ላይ ጨምሮ ስቶፑን 96.2 ላይ ያደርጋል። በአንድ አክሲዮን የሚያሰጋው 2.2 ነው። ሂሳቡ 20,000 ቢሆንና በአንድ ንግድ 1 በመቶ፣ ማለትም 200፣ ብቻ ለማሳጣት ቢፈቅድ፣ 200 ለ2.2 ሲካፈል ወደ 90 አክሲዮን ይመጣል። የመጀመሪያ ግቡ የቀድሞው ዝቅታ 88.5 ነው፤ 5.5 ነጥብ ትርፍ፣ የአደጋው ሁለት እጥፍ ተኩል። ግቡ ከአደጋው ሁለት እጥፍ ካልሞላ ንግዱ ይተዋል።

ዝቅታው ሲሰበር ሸጥኩ፣ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ይህን እንዴት ላስቀር?

ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ስቶፖች በግልጽ ከሚታይ ዝቅታ ሥር ይከማቻሉ፤ ዋጋው እዚያ ሲደርስ እነዚያ ትዕዛዞች ወደ ሽያጭ ተቀይረው ለአፍታ ይጎትቱታል፣ ከዚያ በታች ሻጭ ከሌለ ይመለሳል። ለመቀነስ ስቶፕዎን ዝቅታው ላይ ሳይሆን ከሩብ እስከ ግማሽ ኤቲአር ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ፣ ወይም በመዝጊያ ዋጋ ብቻ ይወስኑ። ሁለተኛው መንገድ የራሱ ዋጋ አለው፦ ቀኑ በከባድ ውድቀት ከዘጋ ኪሳራው ካሰቡት ይበልጣል። ስለዚህ በመዝጊያ የሚወስን ሰው የቦታውን መጠን መቀነስ አለበት። ስቶፑ ሲርቅ የአክሲዮኑ ብዛት ይነስ።

የኩባንያ ውጤት (የትርፍና ኪሳራ ሪፖርት) ከመውጣቱ በፊት እነዚህ ምልክቶች ይሠራሉ?

አይታመኑም። ውጤት በሚወጣበት ማግስት አክሲዮን ከስቶፕዎ 10 በመቶ ዝቅ ብሎ ሊከፈት ይችላል፤ ስቶፑ የሚፈጸመውም በተከፈተበት ዋጋ ነው። ለሾርትም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ወደ ላይ ለሚሄድ ዋጋ ጣሪያ ስለሌለው። ቀኑን አስቀድመው ይመልከቱ፣ ቦታዎን ይቀንሱ ወይም ይውጡ።

ዓይኔን ለማልመድ ምን ልሥራ?

50 ያለፉ ቻርቶችን ይክፈቱ፣ የወደፊቱን ክፍል ይሸፍኑና በአንድ ጊዜ አንድ ካንድል እየገለጡ ይሂዱ። በየቻርቱ የመጨረሻውን ዝቅታ ያስምሩ፤ የትኛው ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ እንደታየ፣ ዝቅታው ከመሰበሩ ስንት ካንድል እንደቀደመ፣ ወይም ጭራሽ ሳይሰበር እንደቀረ ይመዝግቡ። ያልሠሩትንም መቁጠር ግዴታ ነው፤ የተገለበጡትን ብቻ መርጦ ያየ ሰው ዳይቨርጀንስ ሁልጊዜ ይሠራል ብሎ ያምናል። ምዝገባውን ለጫፍና ለታች ለየብቻ ያድርጉ፣ የሚጠቀሙበትም የቻርት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን።